ስድስት ሳምንት ለማን ይበቃል? በብሪታንያ የአነስተኛ ሶላር ድጎማን ለማቆየት የተደረገው ትግል

መንግሥት ለአንድ ዘርፍ የሚሰጠው ድጎማ ሊቀነስ ነው በተባለ ቁጥር ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ላይ ያርፋል፤ ምን ያህል ይከፈል፣ እስከ መቼ ይከፈል፣ ከማንስ ኪስ ይውጣ የሚሉት ጥያቄዎች መድረኩን ይሞሉታል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2019 ድረስ በመኖሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በእርሻ ጎተራ ጣሪያ ላይ ለሚተከል አነስተኛ የሶላር መሣሪያ ይሰጥ በነበረው ድጎማ ዙሪያ የተካሄደው ረጅም ትግል ግን ከገንዘቡ መጠን ያላነሰ ክብደት ያለው ሌላ ጥያቄ አንሥቷል፤ ይኸውም ክፍያው የሚቀነስበት ቀን ምን ያህል ቀደም ብሎ ይነገራል፣ የተሰጠውስ ጊዜ ለማን ይበቃል የሚለው ነው። ድጎማው በመጨረሻ በማን እጅ እንደሚገባ ከዋጋው ይልቅ ይህ ጥያቄ ይወስናል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም ገንዘብ በእጁ ያለና ስለ ራሱ ጣሪያ ብቻውን የሚወስን ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥራውን ሊያስጨርስ ሲችል፣ የማዘጋጃ ቤት ተከራዮች፣ ትምህርት ቤቶችና የአካባቢ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብሰባ ለመጥራት፣ ጨረታ ለማውጣት፣ ውል ለማስመርመርና ገንዘብ ለማሰባሰብ ወራት ያስፈልጓቸዋል።

«ፊድ-ኢን ታሪፍ» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሥርዓት የቆመው በቀላል አሠራር ላይ ነው። አንድ ቤተሰብ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሰሌዳዎችን በጣሪያው ላይ ያስተክላል፤ ከሰሌዳዎቹ የሚወጣውን ቀጥተኛ ጅረት የቤት ዕቃዎች ወደሚሠሩበት ተለዋዋጭ ጅረት የሚቀይር ኢንቨርተር የተባለ መሣሪያ ይገጠማል፤ ቆጣሪም የመነጨውን ኃይል በኪሎዋት ሰዓት ይመዘግባል። ኪሎዋት ሰዓት ማለት አንድ ሺህ ዋት የሚወስድ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ነው። በብሪታንያ የመሣሪያው ባለቤት ሁለት ክፍያ ያገኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ራሱ ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም ለሚያመነጨው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጠው የማመንጫ ክፍያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከፍጆታው ተርፎ ወደ ብሔራዊው የኃይል መረብ ለሚገባው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው አነስተኛ ተጨማሪ ክፍያ ነበር። ገንዘቡን የሚከፍሉት የኤሌክትሪክ አቅራቢ ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ ወጪውን በደንበኞቻቸው ሁሉ ሂሳብ ላይ ያከፋፍሉት ስለነበር ድጎማው የሚወጣው ከግብር ሳይሆን ከእያንዳንዱ ቤት ወርኃዊ የመብራት ክፍያ ላይ ነበር። ይህ ነጥብ ኋላ ለተነሣው የፍትሐዊነት ክርክር መነሻ ስለሆነ ሊታወስ ይገባዋል።

ሐሳቡ ወደ ብሪታንያ የመጣው ከጀርመን ነው። በአኽን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የሶላር ደጋፊዎች ማኅበርና መሪው፣ የቀድሞው የጦር መኮንን ቮልፍ ፎን ፋቤክ፣ ከጣሪያ ላይ የሚገኝ ኤሌክትሪክ ወጪውን በሚሸፍን ዋጋ ለረጅም ዓመታት እንዲገዛ የከተማቸውን ምክር ቤት ለዓመታት ሲወተውቱ ቆይተው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2 የጀርመን ማርክ ለ20 ዓመታት የሚያስከፍል ደንብ አስወጥተዋል። የሌሎች ከተሞችም ተሞክሮ ተጨምሮበት፣ ሐሳቡ ሄርማን ሼርና ሃንስ-ዮሴፍ ፌል በመሳሰሉ የፓርላማ አባላት ጥረት እ.ኤ.አ. በ2000 በአገር አቀፍ የታዳሽ ኃይል ሕግ ውስጥ ሰፈረ። ሕጉ ለባለ ጣሪያው የሰጠው ትልቁ ነገር የክፍያው ከፍታ ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያው ሥራ በጀመረበት ዕለት የነበረው ዋጋ ለ20 ዓመት ሳይነካ እንደሚቆይ ማረጋገጡ ጭምር ነበር፤ ባንክም ለአንድ ተራ ሠራተኛ ለጣሪያ ተከላ ያለ ብዙ ማንገራገር ሊያበድር የቻለው በዚህ ማረጋገጫ ነው።

የብሪታንያ መንግሥት ለረጅም ጊዜ ይህን መንገድ አልወደደውም ነበር። ለትልልቅ የንፋስና የሌሎች ኃይል አመንጪዎች የተዘጋጀ የግዴታ ኮታ ሥርዓት ስለነበረው፣ ለጣሪያ ሶላር የሚሰጠው ድጋፍ በየዓመቱ ገና በጧቱ በሚያልቅ አነስተኛ የእርዳታ በጀት የተወሰነ ነበር። የኖቲንግሃም ደቡብ ተወካይ የነበሩት የሌበር ፓርቲ አባል አለን ሲምፕሰን፣ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ ፍሬንድስ ኦፍ ዘ ኧርዝና የታዳሽ ኃይል ነጋዴዎች ተባብረው በፓርላማ ውስጥ ባደረጉት ግፊት፣ የ2008ቱ የኢነርጂ ሕግ ሚኒስትሩ ለአነስተኛ አመንጪዎች ታሪፍ እንዲያቋቁም ሥልጣን ሰጠ፤ ሥርዓቱም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2010 ሥራ ጀመረ። በነባር ቤት ላይ ለሚተከል እስከ 4 ኪሎዋት ለሚደርስ መሣሪያ የተቆረጠው የማመንጫ ክፍያ 41.3 ፔንስ ሲሆን፣ ከዋጋ ንረት ጋር እየተስተካከለ ለ25 ዓመታት እንዲከፈል በሕግ ተደነገገ፤ በቀጣዩ ዓመትም ወደ 43.3 ፔንስ ከፍ አለ።

የሆነው ሁሉ ከታሰበው በላይ ፈጠነ። የሰሌዳ ዋጋ በዓለም ገበያ በኃይል እየወደቀ ስለነበር፣ ባለ ቤቱ ካወጣው ገንዘብ በዓመት ከ5 እስከ 8 በመቶ ያህል ብቻ እንዲያገኝ ታስቦ የተቀመረው ክፍያ ከ10 በመቶ በላይ ማስገኘት ጀመረ። የዋጋው ውድቀት ራሱ የድጎማ ውጤት መሆኑን እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ የጀርመን ቤተሰቦች በመብራት ሂሳባቸው የከፈሉት ገንዘብ ሰፊ ገበያ ፈጠረ፣ ገበያው የቻይናን ፋብሪካዎች አስፋፋ፣ የፋብሪካዎቹ መስፋፋት ደግሞ ሰሌዳውን ለዓለም ሁሉ አረከሰው። የዚያ ርካሽነት በረከት የኃይል መረብ ወደማይደርስባቸው የኢትዮጵያ ገጠሮች ጭምር ደርሷል፤ የጀርመን የሶላር ፋውንዴሽን በሰሜን ሸዋ በምትገኘው በሬማ ቤቶች ላይ ትንንሽ ሰሌዳዎችን ተክሎ መብራት ያስገባው በዚያው በሁለት ሺዎቹ የመጀመሪያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ነበር፤ በኋላም የሶላር ፋኖስ በገበያ ቀን መደብ ላይ ለሽያጭ የቀረበው ይኸው ዋጋ እየወረደ በመሄዱ ነው። በሀብታም አገር ጣሪያ ላይ ስለሚከፈል ድጎማ የሚነሣ ክርክር ለደሃው አገር እንግዳ ጉዳይ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በለንደን ግን የገንዘብ ሚኒስቴሩ የሚያየው ሌላ ስሌት ነበር። ከሂሳብ ላይ የሚሰበሰበው ክፍያ ግብር ባይሆንም እንደ ሕዝብ ወጪ እንዲቆጠር ተወስኖ የወጪ ገደብ ስለተበጀለት፣ ለአራት ዓመታት የታሰበው ከ860 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነ በጀት በጊዜው ሳይደርስ እንደሚያልቅ ታየ። የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ምንም ካልተደረገ ድጎማው እ.ኤ.አ. በ2020 በእያንዳንዱ ቤት ዓመታዊ ሂሳብ ላይ 26 ፓውንድ ገደማ እንደሚጨምር አስታወቀ። ክፍያው መቀነስ ነበረበት ወይ ቢባል መልሱ አዎ ነው፤ የሶላር ዘርፉ ሰዎች ራሳቸው አልካዱትም። የተሳሳተው አቀናነሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2011 በሚኒስትር ክሪስ ሂውን ይመራ የነበረው መሥሪያ ቤት፣ በምክትላቸው በግሬግ ባርከር በኩል፣ የአነስተኛ ተከላ ክፍያ ከ43.3 ወደ 21 ፔንስ እንዲወርድ የሚጠይቅ ሰነድ ለሕዝብ ምክክር አቀረበ። የሕዝብ ምክክር ማለት መንግሥት ውሳኔውን ከማጽናቱ በፊት የሚመለከታቸውን ሰዎች አስተያየት የሚቀበልበት ጊዜ ነው። ሰነዱ አስተያየት የሚቀበለው እስከ ዲሴምበር 23 ሲሆን፣ አዲሱ ዋጋ የሚመለከተው ግን ከዲሴምበር 12 ጀምሮ የተመዘገበውን ተከላ ሁሉ ነበር። በሌላ አነጋገር ሕዝቡ አስተያየቱን ሰጥቶ ሳይጨርስ ቀነ ገደቡ ያልፋል፤ ከማስታወቂያው እስከ ቀነ ገደቡ ያለውም ጊዜ ስድስት ሳምንት ብቻ ነበር።

እነዚያ ስድስት ሳምንታት ከፍተኛ ሩጫ የታየባቸው ነበሩ። አሮጌውን ዋጋ ለማግኘት ሰሌዳው መተከሉ ብቻ አይበቃም፤ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ተካይ ሥራውን ጨርሶ መመዝገብ፣ የባለቤቱም ማመልከቻ ለኤሌክትሪክ አቅራቢው መድረስ ነበረበት። ወቅቱ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የምትጠልቅበት የክረምት መግቢያ በመሆኑ፣ ተካዮች በአጭሩ ቀን በዝናብና በንፋስ መካከል በመወጣጫ እንጨትና ብረት ላይ እየተንጠላጠሉ፣ አንዱን ጣሪያ ጨርሰው ወደ ሌላው እየሮጡ ይሠሩ ነበር፤ ሰሌዳና ኢንቨርተር ከመጋዘን አለቀ፣ መወጣጫ የሚያከራዩ ድርጅቶች ወረፋ አበዙ፣ ለደንበኛው ቀን የቆረጠ ነጋዴ ዕቃው ሳይደርስለት ቀረ። ከቀነ ገደቡ በፊት በነበሩት ሳምንታት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተመዘገቡ።

ወረፋው ውስጥ እነማን ነበሩ የሚለው ግን ከቁጥሩ ይበልጥ ይናገራል። በቁጠባ ሂሳቡ ከአሥር ሺህ ፓውንድ በላይ ያለው ጡረታ የወጣ ባለ ቤት ማክሰኞ ወስኖ በሚቀጥለው ሳምንት ማስተከል ይችላል። በአንጻሩ የአካባቢ ምክር ቤቶችና የማኅበራዊ ቤቶች አስተዳደር ድርጅቶች፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች በዝቅተኛ ኪራይ ቤት የሚያቀርቡት ተቋማት፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶቻቸው ላይ ሶላር ለመትከል ያዘጋጁት ዕቅድ ገና በጨረታና በውል ደረጃ ላይ ነበር። ይባስ ብሎ አዲሱ ሐሳብ በብዙ ጣሪያዎች ላይ በአንድ ባለቤት ለሚተከሉ መሣሪያዎች ከመደበኛው ክፍያ 80 በመቶውን ብቻ የሚሰጥ የተለየ ታሪፍ አካትቶ ነበር፤ ምክንያቱ በጅምላ የሚተክል በርካሽ ይተክላል የሚል ነው። በተጨማሪም ሙሉውን ክፍያ ለማግኘት ቤቱ የተወሰነ የሙቀት ቁጠባ ደረጃ እንዲያሟላ ይጠይቅ ነበር፤ አሮጌና ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ የሚኖረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድኃው ነው። በደሃው የሂሳብ ጫና ስም የቀረበው ቅነሳ በቅድሚያ ከወረፋው ያስወጣው ድሃውን ሆነ።

ተቃውሞው የተደራጀው በፍጥነት ነበር። «ቀንሱ እንጂ አትግደሉ» የሚል መፈክር የያዘው ዘመቻ የሶላር ነጋዴዎችን፣ የማኅበራዊ ቤቶች አስተዳዳሪዎችን፣ የሸማቾች ወኪሎችንና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶችን በአንድ ላይ አሰባሰበ፤ በኖቬምበር 22 ቀንም ከየአካባቢው የመጡ ተካዮችና ደጋፊዎቻቸው ዌስትሚንስተር በሚገኘው ፓርላማ ተገኝተው ተወካዮቻቸውን በየስማቸው እያስጠሩ አነጋገሩ። መፈክሩ የተመረጠበት ጥበብ ሊደነቅ ይገባዋል። ድጎማን የሚከላከል ወገን አንድ ፔኒ አይነካብኝ ብሎ የሚነሣ ከሆነ ለራሱ ጥቅም የቆመ ተደርጎ መታየቱ አይቀርም፤ እነዚህ ግን ቅነሳውን ተቀብለው፣ በሚታወቅ ልክና በሚታወቅ ቀን ደረጃ በደረጃ ይውረድ አሉ። በጥያቄያቸው ልከኝነት የተነሣም ከመንግሥት ወንበር በስተኋላ ከሚቀመጡት የገዢው ጥምረት አባላት ጭምር ድጋፍ አገኙ፤ ሁለት የፓርላማ ኮሚቴዎችም በጋራ ባወጡት ዘገባ የመሥሪያ ቤቱን አያያዝ ክፉኛ ነቀፉ።

ዘመቻው ደካማ ጎንም ነበረው፤ ለጉዳዩ የሚቆረቆር ጸሐፊ ሊሸፍነው አይገባም። ጣሪያ የሌለው ተከራይ ከመብራት ሂሳቡ ላይ እየከፈለ ጣሪያ ያለው ባለ ንብረት ለ25 ዓመታት ይቀበላል የሚለው ነቀፋ እውነትነት ነበረው፤ የ43.3 ፔንስ ክፍያ ሰሌዳው ከረከሰ በኋላ ለባለ ቤቱ ከሚገባው በላይ ይሰጥ ነበር። ለዚህ ነቀፋ የሚበቃው መልስ አዲስ የሥራ መስክ ተፈጥሯል የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ሥራ በማናቸውም ወጪ ሊፈጠር ይችላልና። በቂው መልስ ድጎማው ጣሪያ የሌላቸውን የሚያካትትበት መንገድ አለው የሚለው ነው፤ መንገዱም በማኅበራዊ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል የሚያልፍ፣ ስለዚህም ዘገምተኛ የሆነ መንገድ ነው። ዘመቻው ይህን ክርክር ከንግድ ጥቅሙ ይልቅ ቢያስቀድም ኖሮ በኋለኞቹ ዓመታት የተሻለ ጋሻ ይሆነው ነበር።

ጉዳዩ ከአደባባይ ወደ ችሎት የዞረው በዚያው ወር ነው። ፍሬንድስ ኦፍ ዘ ኧርዝ፣ በጄረሚ ሌጌት የተመሠረተው ሶላርሴንቸሪ ኩባንያና ሰሌዳን ያለ ክፍያ ተክሎ ታሪፉን ለራሱ የሚሰበስበው ሆምሰን የተባለው ድርጅት የመንግሥትን ውሳኔ ሕጋዊነት ከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲመረምር ጠየቁ። እንዲህ ያለው ምርመራ ፖሊሲው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን አይመዝንም፤ የሚመዝነው ሚኒስትሩ ያደረገውን ለማድረግ ሕግ ሥልጣን ሰጥቶታል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። በዲሴምበር 21 ቀን ዳኛ ሚቲንግ የዲሴምበር 12ቱ ቀነ ገደብ ከሕግ ውጭ ነው ሲሉ ወሰኑ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ አዲሱ ዋጋ በሕግ ጸንቶ የሚወጣው በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል ሲሆን፣ ከዲሴምበር 12 በኋላ ግን ከዚያ በፊት የተከለ ሰው በተከለበት ዕለት በሥራ ላይ በነበረው ደንብ መሠረት የ25 ዓመት መብት አግኝቷል፤ ያን መብት ኋላ በሚወጣ ደንብ ወደ ኋላ ተመልሶ መቁረጥ ደግሞ በ2008ቱ ሕግ ውስጥ ለሚኒስትሩ ያልተሰጠ ሥልጣን ነው። መንግሥት ይግባኝ አለ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሦስት ዳኞች በጃንዋሪ 25 ቀን 2012 በአንድ ድምፅ ውድቅ አደረጉት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በማርች ወር ጉዳዩን ለማየት ሳይፈቅድ ቀረ። በዚህም ምክንያት አዲሱ የ21 ፔንስ ዋጋ መንግሥት በመጠባበቂያነት ባወጣው ደንብ መሠረት ከማርች 3 ቀን 2012 ጀምሮ ተፈጻሚ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ የተከሉት ሁሉ የቀድሞውን ክፍያ አገኙ።

የዚህ ፍርድ ዋጋ የሚታየው ከስፔን ጋር ሲነጻጸር ነው። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2008 እጅግ ለጋስ በሆነ ታሪፍ ከማንኛውም አገር የበለጠ ሶላር ከተከለች በኋላ፣ የፋይናንስ ቀውሱ ሲመጣ በ2010 መጨረሻ ባወጣችው ድንጋጌ አስቀድመው በተተከሉት ሰሌዳዎች ላይ ጭምር ክፍያ የሚያገኙበትን ሰዓት ገደበች፤ በኋላም ታሪፉን ራሱን ሰረዘችው። ትልልቅ የውጭ ባለ ሀብቶች መንግሥቱን በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ከስሰው ብዙዎቹ ካሣ ሲያስፈርዱ፣ የመንግሥትን ቃል አምነው ጡረታቸውንና የእርሻ ገቢያቸውን ያፈሰሱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የአገሪቱ ቤተሰቦች ግን ያ በር አልተከፈተላቸውም፤ ባንክም ብድሩን አልማረላቸውም።

በብሪታንያ ዘመቻው ያተረፈው ሌላው ነገር ብዙ ያልተወራለት፣ ነገር ግን ከፍርዱ ያልተናነሰ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2012 ጀምሮ ክፍያው በሚኒስትር ማስታወቂያ ሳይሆን አስቀድሞ በተነገረ ቀመር እንዲወርድ ተደረገ። አነስተኛው ታሪፍ በ16 ፔንስ ተጀምሮ፣ የውሉ ዘመን 20 ዓመት ሆኖ፣ በየሦስት ወሩ በ3.5 በመቶ ይቀንሳል፤ ተከላ ከበዛ ቅነሳው ይፈጥናል፣ ካነሰ ደግሞ ለጊዜው ይቆማል። ተካዩም፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርም፣ የገንዘብ ሚኒስቴሩም የሚቀጥለውን ወቅት ዋጋ በግምት ሊያውቁት ቻሉ። ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶችና ለትምህርት ቤቶች ደግሞ ዋጋን አስቀድሞ የመያዝ ዕድል ተሰጠ፤ አንድ ማኅበር ዕቅዱን ሲያስመዘግብ የዚያን ዕለቱ ታሪፍ ተይዞለት፣ ተከላውን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እስከጨረሰ ድረስ በዚያው ዋጋ ይከፈለው ነበር። ዘገምተኛው መንገድ ጊዜ አገኘ ማለት ነው።

ጊዜ ምን እንደሚሠራ በደቡብ ለንደን በብሪክስተን ማየት ይቻላል። በላፍበሮ የማዘጋጃ ቤት መኖሪያ መንደር ውስጥ በሚገኘው ኤልሞር ሐውስ በተባለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ብሪክስተን ኢነርጂ የተባለው ኅብረት ሥራ ማኅበር 37 ኪሎዋት የሚያመነጭ ሶላር ተክሏል። ገንዘቡ የተገኘው የአካባቢው ሰዎች አቅማቸው በፈቀደ መጠን በገዙት አክሲዮን ነው፤ እያንዳንዱ አባል የአክሲዮኑ ብዛት ምንም ቢሆን በጉባኤ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ከታሪፉ የሚገኘው ገቢ ለአባላት መጠነኛ ትርፍ ከከፈለ በኋላ የተወሰነው ድርሻ የነዋሪዎችን የኃይል ወጪ ለመቀነስ በሚውል ፈንድ ውስጥ ይገባል፤ የመንደሩ ወጣቶችም በክፍያ እየሠለጠኑ ሙያውን ተምረዋል። የሥራው ሂደት ጣሪያውን ከያዘው ምክር ቤት የኪራይ ውል ማግኘትን፣ የነዋሪዎችን ደጅ አንኳኩቶ ማስረዳትን፣ የአክሲዮን ሰነድ ማሳተምንና ምሽት ላይ በሚደረጉ ስብሰባዎች የሚነሡ ጥርጣሬዎችን አንድ በአንድ መመለስን የሚጠይቅ በመሆኑ በስድስት ሳምንት የሚያልቅ አልነበረም። ጣሪያ የሌለው ሰው የጣሪያ ድጎማ ተካፋይ የሆነው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው፤ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ የነበሩት አጋሜምኖን ኦቴሮ ሥራውን ሪፓወሪንግ በተባለው ድርጅት በኩል ወደ ሌሎች የለንደን መንደሮች አስፋፍተውታል።

ቀመሩ ግን ዕድሜ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2015 ምርጫ ኮንሰርቫቲቮች ብቻቸውን መንግሥት ከመሠረቱ በኋላ፣ በአምበር ረድ የሚመራው የኢነርጂ መሥሪያ ቤት በኦገስት ወር የአነስተኛ ተከላን ክፍያ ከ12.47 ወደ 1.63 ፔንስ፣ ማለትም በ87 በመቶ፣ ለማውረድ ሐሳብ አቀረበ፤ ዋጋን አስቀድሞ የመያዙንም ዕድል ከኦክቶበር 1 ጀምሮ አነሣ። የሁለተኛው እርምጃ ጉዳት ከመጀመሪያው ያነሰ ትኩረት ቢያገኝም፣ ዘገምተኛ ፕሮጀክቶችን ከሁሉ የከፋ የመታው እሱ ነበር። በ2013 በነዳጅ ፍለጋ ቁፋሮ ላይ በተነሣው ተቃውሞ ስሟ የገነነው የዌስት ሰሴክሷ ባልኮምብ መንደር ነዋሪዎች፣ የራሳቸውን ኤሌክትሪክ ከፀሐይ ለማመንጨት ኅብረት ሥራ ማኅበር መሥርተው የመጀመሪያዎቹን ሰሌዳዎች በአንድ የላም በረት ጣሪያ ላይ ከተከሉ በኋላ፣ መንደሩን ሙሉ ያበራል ያሉትን ትልቅ ዕቅድ ለማቆም ተገድደዋል።

ለምክክሩ ከ50 ሺህ በላይ ምላሾች ጎረፉ፤ አብዛኞቹ ቅነሳውን የሚቃወሙ ነበሩ። መንግሥት የመጨረሻ ውሳኔውን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2015፣ የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት በጸደቀ በአምስተኛው ቀን ነበር፤ ክፍያው በ4.39 ፔንስ ተወሰነ፣ ለአዳዲስ ተከላዎች የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብም እስከ 2019 በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ተገደበ። ከ1.63 ወደ 4.39 የተደረገው ማሻሻያ የዘመቻው ፍሬ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም መሥሪያ ቤቱ ራሱ ባወጣው የተጽዕኖ ግምገማ በዘርፉ ከ9,700 እስከ 18,700 የሚደርሱ ሥራዎች ሊጠፉ እንደሚችሉ አምኗል። ሌስተር ከተማ የሚገኘው ማርክ ግሩፕ የተባለው ትልቅ ተካይ ድርጅት ውሳኔው ገና ሳይጸና በኦክቶበር ወር ከስሮ ተዘግቶ ነበር። በዚህ ዓይነት ጊዜ ጣሪያ ላይ የወጣ ሙያተኛ መሰላሉን አጥፎ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ ዘርፉ ዳግም ሲፈልገው ግን ያንን ልምድ ካለበት አያገኘውም። በ2022 የጋዝ ዋጋ ንሮ የብሪታንያ ቤተሰቦች ሶላር ፍለጋ ሲጎርፉ የተካይ እጥረት ያጋጠማቸው የቀድሞዎቹ ዓመታት መቆራረጥ ዋጋውን ስላስከፈለ ነው።

ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2019 ለአዳዲስ አመልካቾች ተዘጋ፤ እስከዚያ ድረስ ከ800 ሺህ በላይ ተከላዎች ተመዝግበውበታል። ከማመንጫ ክፍያው ጋር ወደ መረቡ ለሚገባው ኃይል የሚሰጠውም ክፍያ አብሮ ስለቆመ፣ ከኤፕሪል 2019 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ አዲስ የተከለ ሰው ትርፍ ኤሌክትሪኩን ለጎረቤቱ የሚሸጥ ኩባንያ በነፃ እንዲወስደው የሚፈቅድ አሠራር ነበር። ይህን ግልጽ ኢፍትሐዊነት ዘመቻ አድራጊዎቹ አጥብቀው በመያዛቸው፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ከ150 ሺህ በላይ ደንበኞች ያሏቸው አቅራቢዎች ሁሉ ለሚረከቡት ኃይል ክፍያ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ደንቡ ግን ዋጋውን ከዜሮ በላይ መሆን አለበት ከማለት በቀር አይወስንም፤ የውሉን ዘመንም አይደነግግም። ባለ ቤቱ በዓመቱ ሌላ አቅራቢ ሊመርጥ ይችል ይሆናል፤ የ20 ዓመት ብድር ይዞ አክሲዮን ለጎረቤቶቹ የሚሸጥ ማኅበር ግን በየዓመቱ በሚለዋወጥ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ሰነድ ማዘጋጀት ይከብደዋል። በዚህም ምክንያት ከ2019 በኋላ የግል ቤቶች ተከላ ቀስ በቀስ ሲያንሰራራ፣ የማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች ቁጥር ለዓመታት ተኮማትሮ ቆይቷል።

ክርክሩ በኋላ ወደ ነባሮቹ ውሎች ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ መንግሥት የታሪፉ ዓመታዊ ማስተካከያ እስከዚያ ድረስ ይከተለው ከነበረው የችርቻሮ ዋጋ መለኪያ ወጥቶ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ የሚለውን የሸማቾች ዋጋ መለኪያ እንዲከተል፣ ወይም ክፍያው ከዚህ መለኪያ ጋር እስኪመጣጠን ለዓመታት ባለበት እንዲቆም የሚጠይቁ ሁለት አማራጮችን ለምክክር አቀረበ። ምክንያቱ እንደ ቀድሞው የሂሳብ ጫናን ማቅለል ነበር። የመጀመሪያዎቹ የ25 ዓመት ውሎች የሚያልቁት በ2035 ስለሆነ፣ እንደ ብሪክስተኑ ያሉ ማኅበራት የአባላቱን ወለድ፣ የመድን ክፍያውን፣ ኢንቨርተር የሚተካበትን ወጪና የነዋሪዎቹን ፈንድ ያሰሉት በመጀመሪያው መለኪያ ነው፤ ከ2012ቱ የይግባኝ ፍርድ አንጻርም መለኪያን መለወጥ አንዴ የተገኘን መብት ወደ ኋላ ተመልሶ መቁረጥ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ይነሣል።